ያገለገለ ትንሽ ትራክተር ከነጋዴ ስለ መግዛት

ከሐዋሳ ወደ ይርጋለምና ወደ ዲላ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በቱላና በዙሪያዋ ባሉት ቀበሌዎች፥ ከእንሰቱና ከቡናው ጓሮ ሌላ የበቆሎና የቦሎቄ ማሳ ያለው ገበሬ፥ ጥማድ በሬ ማኖር ካመት ወደ ዓመት ይከብደዋል። የሐዋሳ ከተማ እየሰፋች ስትመጣ ግጦሹ እየጠበበ ይሄዳልና። ስለዚህም ጥቂት ጐረቤቶች ተሰብስበው፥ ዕቁብ ጥለው ወይም በሬዎቻቸውን ሸጠው፥ አንድ ያገለገለ ትንሽ ትራክተር ከነጋዴ እንግዛ ብለው ቢመክሩ የሚያስገርም አይደለም። ምክሩም የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን በሬ አንድ ጊዜ ከተሸጠ በኋላ በዚያው ዋጋ ተመልሶ አይገኝም፤ ትራክተሩም የበልግ ዝናብ በጣለበት ሳምንት ቆሞ የቀረ እንደሆነ የብዙ ቤት የዓመት እህል አብሮ ይቀራል። እንግዲህ ወደ ነጋዴው ግቢ ከመሄድ አስቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው ነገር ምን እንደ ሆነ፥ ግቢውም ከተደረሰ በኋላ መኪናው እንዴት እንዲመረመር፥ መምህራንና ማንበብ የሚያውቁ ሽማግሎች ለሕዝቡ ያስረዱ ዘንድ ከዚህ ቀጥሎ ተጽፏል።

የገዢ ሁሉ ልማድ ስለ ዋጋው ብዙ መከራከር ነው። ይሁን እንጂ ከዋጋው በፊት የሚጠየቅ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ይህ መኪና በአንድ የእርሻ ወራት ስንት ሰዓት ሥራ ያገኛል?» የሚለው ነው። በርካሽ ተገዝቶ ሥራ ያጣ ትራክተር፥ በውድ ተገዝቶ ሥራ ካገኘው ይልቅ ባለቤቱን ያደኸያል።

ትንሽ ትራክተር የሚባለው ጕልበቱ ከ15 እስከ 40 የፈረስ ጕልበት ያህል የሆነው ነው። በስተኋላው 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ማረሻ መሣሪያ ታስሮለት በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፥ 3000 ሜትር በ1.20 ሲባዛ በአንድ ሰዓት 3600 ካሬ ሜትር ይሆናል። ነገር ግን በማሳው ዳር ሲዞር፥ ድንጋይ ሲነሣለት፥ ነጂውም ወርዶ መሣሪያውን ሲያስተካክል ከጊዜው ሩብ ያህሉ ይባክናል ብንል፥ የሚቀረው 2700 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ጥማድ መሬት የሔክታር ሩብ፥ ማለት 2500 ካሬ ሜትር ያህል ነው ብለን ስናስብ፥ በሬ ቀኑን ሙሉ የሚደክምበትን ይህ መኪና ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይፈጽመዋል። ይህ ሲሰማ ደስ ያሰኛል። ዳሩ ግን ግማሽ ሔክታር ማሳ ያለው አንድ ቤተ ሰብ ለትራክተሩ ሊሰጠው የሚችለው ሥራ ሁለት ሰዓት እንኳ አይሞላም ማለት ነው።

አሁንም ሒሳቡን እንግፋው። የበልጉ እርሻ 30 የሥራ ቀን ቢቈይና መኪናው በየቀኑ 6 ሰዓት ቢሠራ 180 ሰዓት ይሆናል፤ 180 በ2700 ሲባዛ 486000 ካሬ ሜትር፥ ማለት 48 ሔክታር ተኩል ያህል ይሆናል። ይህም ግማሽ ግማሽ ሔክታር ላላቸው 97 ቤተ ሰቦች የሚበቃ ነው። ከማሳ ወደ ማሳ ለመሄድ የሚጠፋው ጊዜ፥ ዝናቡ የሚያቋርጠውና ብልሽቱ የሚወስደው ሲቀነስለት እንኳ 70 ወይም 80 ቤት ያህል ያስፈልገዋል። እንግዲህ አምስት ሰዎች ገዝተው ለአምስት ሰዎች ማሳ ብቻ ያውሉት እንደሆነ፥ መኪናው ከዓመቱ የሚበዛውን ቀን በጥላ ሥር ቆሞ ይዝጋል፤ ያወጡትም ገንዘብ አብሮት ይዝጋል። ይህን ሒሳብ መምህራን ለተማሪዎቻቸው በሰሌዳ ላይ ቢያሠሩት፥ ልጆቹም የየአባታቸውን ማሳ በገመድ ለክተው እንዲያመጡ ቢያዝዟቸው፥ መንደሩ ከነጋዴው አፍ የማያገኘውን እውነት ከልጆቹ ደብተር ያገኛል።

በልኬቱ ጊዜ አንድ ነገር አይዘነጋ። እንሰት በሲዳማ ምድር የቤቱ ምሰሶ ነው፤ የሚተከለውም በቤቱ ዙሪያ ተጠጋግቶ ስለ ሆነ ትራክተር አይገባበትም። ቢገባም ጐማው አፈሩን ይጨቍነዋል፤ ማረሻውም ከምድሩ ገጽ ጥቂት ዝቅ ብሎ የተዘረጋውን ሥር ይቈርጠዋል። ቡናውና ጫቱም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ «ይህን ያህል ሔክታር አለን» ሲባል ጓሮው ተቀንሶ፥ በየዓመቱ የሚታረሰው የበቆሎ፥ የቦሎቄ፥ የድንችና የጤፍ ማሳ ብቻ ይቈጠር። ወደ ምሥራቅ ወደ ደጋው በኩል ተዳፋት የሆነውም ማሳ ይቀነስ፤ ምክንያቱ በኋላ ይነገራል።

ደግሞም የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ በማግሥቱ ትራክተሩን ሁሉም በአንድ ቀን ይፈልገዋል። አስቀድሞ ተራው በዕጣ ተለይቶ በጽሑፍ ካልተቀመጠ፥ ባለ ጠጋው ወይም ነጂው የሚወደው ሰው ይቀድማል፤ መበለቲቱም ከሁሉ በኋላ ትቀራለች። በቆሎ ደግሞ ጊዜውን አሳልፎ ሲዘራ ምርቱ ይቀንሳልና ኋላ መቅረት ትንሽ በደል አይደለም። የሽማግሎች ሥራ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው፤ ማኅበሩ ከተጣላ በኋላ ከማስታረቅ ይልቅ ተራውን ከግዥው በፊት ማጻፍ ይቀላል።

ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ትራክተር ሲባል ሌላ ነገር ያስታውሳሉ። በአርሲ፥ በጭላሎ አውራጃ፥ በ1960 ዓ. ም. ገደማ በስዊድን መንግሥት ርዳታ የእርሻ ልማት ሥራ ተጀምሮ ነበር። ሥራው ለትንሹ ገበሬ ታስቦ ሳለ፥ በመኪና ማረስ ትርፍ እንዳለው ያዩ አንዳንድ ባለ መሬቶች ጭሰኞቻቸውን አስነሥተው ማሳውን በትራክተር አረሱት። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ. ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን እስኪሽር ድረስ ብዙ ሰው በዚህ ተጐድቷል። የዛሬው ነገር ከዚያ ይለያል፤ የሚገዛው ራሱ ትንሹ ገበሬ ነውና። ቢሆንም ሽማግሎች ይህን እያሰቡ ቢጠራጠሩ ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ወጣቶች ሊያውቁ ይገባል።

አሁን ስለ መኪናው ዐይነት። በ1970ዎቹ ዓመተ ምሕረት በናዝሬት፥ ዛሬ አዳማ በምትባለው ከተማ፥ የተቋቋመው ፋብሪካ የቤላሩስን ትራክተር እየገጣጠመ ለመንግሥት እርሻዎች ሲያቀርብ ስለ ነበረ፥ ይህን መኪና የሚያውቅ መካኒክ አይጠፋም። ነገር ግን 80 የፈረስ ጕልበት ያህል ስላለውና ስለሚከብድ ለትናንሽ ማሳ አይመችም፤ ለመዞር ብቻ የጐረቤትን ድንበር ይረግጣል። ከትናንሾቹ ወገን ስሙ የታወቀው ማሲ ፈርጉሰን 135 የሚባለው ነው፤ በፈረንጅ አቈጣጠር ከ1964 እስከ 1975 ድረስ የተሠራ፥ ባለ ሦስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ያለው፥ 45 የፈረስ ጕልበት ያህል የሆነ መኪና ነው። ከትንሽ ትራክተር ልክ ጥቂት ያልፋል፤ ዕድሜውም ከብዙ ነጂዎች ዕድሜ ይበልጣል፤ ሆኖም አሠራሩ ቀላል ስለ ሆነ እስከ ዛሬ የሚሠራ አለ። በሦስት ክንድ ማረሻን ከትራክተር ጋራ ማያያዝንና በዘይት ኀይል ማንሣትን ለዓለም ያስለመደው፥ ስሙም በዚህ መኪና ላይ የቀረው፥ ሃሪ ፈርጉሰን የሚባል የአየርላንድ ሰው ነው።

ከጃፓን የሚመጡት ኩቦታ፥ ያንማርና ኢሴኪ የሚባሉት ትናንሾች ደግሞ ከመልካምነታቸው ጋራ አንድ ችግር አለባቸው። ለጃፓን አገር ተብለው የተሠሩት በሩዝ ማሳ ጭቃ ውስጥ ያገለገሉ ናቸው፤ በላያቸው የተጻፈውም በጃፓን ፊደል ነው፤ ለውጭ አገር ከተሠሩት ወንድሞቻቸው ጋራ በብዙ ክፍላቸው ስለሚለያዩ መለዋወጫቸው በቀላሉ አይገኝም።

ስለ መለዋወጫ ከተነሣ ዘንድ፥ ከምርመራዎች ሁሉ ትርፉ የሚበልጠውና ምንም የማያስከፍለው ምርመራ ይህ ነው፤ ነጋዴው ያሳየው መኪና ስሙና ቍጥሩ በወረቀት ተጽፎ፥ አንድ ሰው ወደ ሐዋሳና ወደ ሻሸመኔ መለዋወጫ መደብሮች ይሂድና የናፍጣ ፊልትሮ፥ የዘይት ፊልትሮ፥ ቺንጋ፥ የቴስታ ጓርኒሲዮንና የፍሪሲዮን ሸራ እንዳላቸው ይጠይቅ። ሦስቱ መደብሮች «የለም፥ ከአዲስ አበባ ይመጣል» ካሉት፥ መኪናው በሚያዝያ ወር ሲሰበር የሚጠብቀው መልስ ያው ነው። ነጋዴው «መለዋወጫው ሞልቷል» ቢል፥ በሞላበት ስፍራ ይታይ።

ወደ ግቢው የሚኬደው በማለዳ ነው። የሚሄደውም የገዢዎቹ የራሳቸው መካኒክ እንጂ ነጋዴው ወይም ደላላው ያመጣው አይሁን፤ ደላላው ዋጋውን የሚያገኘው ሽያጩ ሲፈጸም ነውና። ከሁሉ አስቀድሞ እጅን በሞተሩ ላይ ማሳረፍ ነው። ሞተሩ ከሞቀ፥ ሰዎቹ ሳይመጡ አስነሥተውታል ማለት ነው፤ በብርድ ለመነሣት የሚያስቸግር ሞተር ከሞቀ በኋላ ችግሩን ይሸሽጋልና። እንዲህ የሆነ እንደሆነ «ነገ እንመለሳለን» ብሎ መሄድ እንጂ ማፈር አይገባም።

አዲስ ቀለም ማንንም አያታል። ከቀለሙ ሥር የተበየደ ብረት፥ በቀለም የተሸፈነ የዘይት ላብ፥ የተቀባ ጐማ ቱቦ ይፈለግ። ቀለሙ በብሎኑ ራስ ላይ ከተሰነጠቀ ያ ብሎን ከቅቡ በኋላ ተፈቷል፤ ለምን እንደ ተፈታም ይጠየቅ። የሠራበትን ሰዓት የሚቈጥረው መሣሪያ 2000 ቢል፥ መኪናውም ያገለገለ ሆኖ ሳለ የፍሪሲዮኑና የፍሬኑ መርገጫ ለስልሶ ብረቱ ካበራ፥ ጋሪ የሚሳብበትም ቀዳዳ ክብነቱን ትቶ እንደ እንቍላል ከረዘመ፥ ከቈጣሪው ይልቅ ብረቱን ማመን ይሻላል። ቈጣሪ ይለወጣል፤ የተበላ ብረት ግን አይመለስም።

ከዚህ በኋላ የዘይቱ መለኪያ ዘንግ ይመዘዝ። ዘይቱ እንደ ወተት ነጥቶ ከተገኘ ውኃ ገብቶበታል፤ የራዲያተሩም ክዳን ተከፍቶ (ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ብቻ ነው፤ ትኩስ ከሆነ ፊት ያቃጥላል) በውኃው ላይ ዘይት ከታየ እንዲሁ ነው። የካምቢዮው ዘይት መክፈቻ ከሥር ጥቂት ቢላላ፥ ውኃ ከዘይት በታች ስለሚቀመጥ ከዘይቱ በፊት ውኃ ይንጠባጠባል፤ ሌሊቱን ቆሞ ባደረ መኪና ላይ ይህ ምርመራ አይስትም። የሚወጣው ዘይት የብረት ብናኝ ካለበት ጥርሶቹ እየተበሉ ነው።

ሞተሩ ሲነሣ ዐይን ወደ ማርሚታው ይሁን። መጀመሪያ ላይ ጥቂት ጢስ መውጣቱ ነውር አይደለም። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ሰማያዊ ጢስ ከቀጠለ ዘይት ይቃጠላል፤ ጥቁር ጢስ ያለ ሥራ ጫና ከወጣ ወይ የአየሩ ፊልትሮ ታፍኗል ወይ ናፍጣው ከልክ ያልፋል፤ ነጭ ጢስ ካላቋረጠ ናፍጣው ሳይነድ ይወጣል ወይም ውኃ ወደ ፒስቶኑ ቤት ይገባል። ጥቁሩ በጥቂት ገንዘብ ሊድን ይችላል፤ ሰማያዊው ግን ሞተር ማስፈታት ነው። የዘይቱ መጨመሪያ ክዳን ሲከፈት ከውስጥ ኀይለኛ ትንፋሽ ከነጢሱ እየገፋ ከወጣ፥ ፒስቶኑና ቀለበቱ ማርጀታቸውን ሌላ ምስክር ሳያስፈልግ ይነግራል።

ፍሪሲዮኑ የሚፈተነው እንዲህ ነው። በሜዳ ላይ፥ በፊቱ ሰው ሳይቆም፥ ፍሬኑ ተረግጦ ከፍ ያለው ማርሽ ይገባና ፍሪሲዮኑ ቀስ እየተባለ ይለቀቃል። ደኅና ከሆነ ሞተሩ ታፍኖ ይጠፋል፤ ሞተሩ እየጮኸ ከቀጠለ ሸራው አልቋል። ማረሻውን የሚያነሣው ክንድ ደግሞ ከባድ ነገር ታስሮለት ወደ ላይ ይነሣ፥ ሞተሩም ይጥፋ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ክንዱ ወደ ምድር ከወረደ የዘይቱ ኀይል ያመልጣል። ማርሾቹ ሁሉ እያንዳንዳቸው ይሞከሩ፤ በጉዞ ላይ ከቦታው ዘሎ የሚወጣ ማርሽ ካለ የካምቢዮው ወጪ ከዋጋው ላይ ይታሰብ። የኋላ ጐማዎችም አይናቁ፤ ጥርሳቸው ቢተርፍም ጐናቸው ከተሰነጠቀ ይለወጣሉና፥ ገዢው ዋጋቸውን አስቀድሞ ከጐማ ነጋዴ ጠይቆ ይሂድ። መጨረሻው ፈተና ግን ማሳ ላይ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ማረስ ነው። በግቢ ውስጥ ወዲያና ወዲህ የሄደ መኪና ሁሉ ያርሳል ማለት አይደለም። ነጋዴው ማሳ የለኝም ካለ ገዢዎቹ ለአንድ ጠዋት ማሳ ቢከራዩ ከጥፋቱ ይልቅ ኪራዩ ይቀላል።

መኪናው ደኅና ሆኖ ሲገኝ ወረቀቱ ይመርመር። በሞተሩና በአካሉ ላይ የተቀረጸው ቍጥር ከሊብሬው ጋራ በፊደልና በአኀዝ ይመሳከር፤ የሻጩም ስም በሊብሬው ላይ ካለው ስም ካልተባበረ ውክልናው ይታይ፥ ያልተሻረም መሆኑ ይጠየቅ። በ2011 ዓ. ም. መንግሥት የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነጻ ሆነው እንዲገቡ ፈቅዷል፤ ከቀረጥ ነጻ የገባ ዕቃ ደግሞ መብቱ ለሌለው ሰው ቀረጡ ሳይከፈል እንደ ልብ አይተላለፍምና የጉምሩኩ ዲክላራሲዮን ይነበብ። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቍጥር 1147/2011 ትራክተርን የመሰለ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር መያዣ እንዲሆን ስላደረገ፥ መኪናው በሌላ ሰው ዕዳ የተያዘ እንዳይሆን ከመዝገቡ ይጣራ። ሳያጣራ የገዛ ሰው የሌላውን ዕዳ አብሮ ወደ ቤቱ ሊያስገባ ይችላል።

ብዙ ሰዎች አዋጥተው ሲገዙ ሊብሬው በማን ስም ይውጣ የሚለው ነገር ከሞተሩ ያልተናነሰ ጕዳይ ነው። በአንድ የታመነ ሰው ስም ይሁን የተባለ እንደሆነ፥ ያ ሰው በሞተ ጊዜ ወራሾቹ «የአባታችን ንብረት ነው» ይላሉ፤ ያዋጡትም ሰዎች ከአፍ ቃል በቀር ማስረጃ አያገኙም። ስለዚህ ሰዎቹ በሕግ የተመዘገበ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሆነው በማኅበሩ ስም ቢገዙ ይሻላል፤ ይህ ካልሆነላቸው የእያንዳንዱ መዋጮ ተጽፎ በምስክር ፊት ይፈረም።

የሽያጩ ውል በጽሑፍ ይደረግ፤ ነጋዴው በአፉ የተናገረው ሁሉ፥ «ሞተሩ አልተፈታም፥ ካምቢዮው ደኅና ነው» ያለው፥ በውሉ ይግባ። የ1952 ዓ. ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለተሰወረ ጉድለት ኀላፊ እንዲሆን ያዛል። ነገር ግን ገዢውም ዕቃውን ወዲያው መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዘዋል፤ በግዥው ጊዜ በግልጽ ለታየ ጉድለትም ሻጩ አይጠየቅም። እንግዲህ ዝም ብሎ ሁለት ወር አርሶ ከሦስተኛው ወር በኋላ የሚጮህ ሰው መብቱን በገዛ ዝምታው ይጥላል።

ተዳፋት መሬት አይቈጠር የተባለበት ምክንያት ይህ ነው። ትራክተር ከሚገድልባቸው መንገዶች ሁሉ የሚበዛው በመገልበጥ ነው። ጠባብና ቀላል የሆነው ትንሽ ትራክተር በቍልቍለት ላይ አግድም ሲሄድ አንድ ጐማው ጕድጓድ ቢገባ ወይም ድንጋይ ቢወጣ ይገለበጣል። ከነጂው ኋላ ቀስት ሆኖ የሚቆመው ጠንካራ ብረት የተሠራው ለዚህ ነው፤ ከመቀመጫው ቀበቶ ጋራ ሲሆን ሰውን ያድናል። ለፀሐይ መከላከያ የተሠራ ጣራ ግን ይህን አያደርግም፤ ሁለቱን የሚያምታታ ነጋዴ አይታመን። ደግሞ በስተኋላ መሣሪያውን የሚያዞረው ካርዳኖ በደቂቃ 540 ጊዜ፥ ማለት በአንድ ሰከንድ 9 ጊዜ ይዞራል። የነጠላ ወይም የጋቢ ጫፍ ከያዘ ሰውዬው እጁን ለማንሣት እንኳ ጊዜ አያገኝም። የካርዳኖው መሸፈኛ የሌለው መኪና ሳይሸፈን አይገዛ፥ አይነሣም። ልጆች በጐማው ክንፍ ላይ መቀመጥ ይወዳሉና መምህራን ይህን በክፍል ውስጥ አጥብቀው ይከልክሉ። ለነጂውም ለዚህ ዐይነት መኪና የተሰጠ መንጃ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

መኪናው ቱላ በገባ ቀን፥ ማሳ ሳይገባ፥ የሞተሩ ዘይትና ፊልትሮዎቹ ሁሉ ይለወጡ፤ ነጋዴው «አሁን ለውጬዋለሁ» ቢልም ይለወጡ። ከዚያም አንድ ደብተር ይከፈት፤ በማኅበሩ ውስጥ መጻፍ የሚችል ሰው በየቀኑ የሠራበትን ሰዓት፥ የማንን ማሳ እንዳረሰ፥ የጠጣውን ናፍጣ፥ የተቀበለውንም ገንዘብ ይጻፍበት። ከእያንዳንዱ ሰዓት ገቢ ለጐማና ለፍሪሲዮን የሚሆን ጥቂት ተቀንሶ በባንክ ይቀመጥ። ከጥማዱም በሬ ሁሉ በአንድ ጊዜ አይሸጥ። የበልጉ እርሻ አልፎ ደብተሩ በሽማግሎች ፊት ተነቦ፥ መኪናው ስንት ሰዓት እንደ ሠራና ስንት ቀን ቆሞ እንደ ዋለ ከታወቀ በኋላ፥ የቀሩት በሬዎች ይሸጡ ወይም ይቈዩ የሚለው በዚያን ጊዜ ይቈረጥ።